ባለሳሕኑ የሣር መለኪያና የላሚቱ ድርሻ

በወተት ላሞች ግጦሽ ላይ ያለውን ሣር ለመገመት በኒው ዚላንድ የሚሠራበትን ባለሳሕን መለኪያ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር አስበናል። መሣሪያው በዘንግ ላይ የምትወጣና የምትወርድ ሳሕን አለችው፤ ገበሬው በመስኩ ውስጥ እየተራመደ ዘንጉን ሲያቆመው፥ ሳሕኗ ሣሩ እንደ ቁመቱና እንደ ጥግግቱ እስከ ተሸከማት ድረስ ወርዳ ታርፋለች። እያንዳንዱ ቁጥር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ነው። የቁጥሮቹ አማካይ በ140 ተባዝቶ 500 ሲጨመርበት፥ በአንድ ሄክታር ያለው ደረቅ መኖ በኪሎ ግራም ይገኛል። ደረቅ መኖ የምንለው ውሃው ተለይቶ የቀረውን ነው፤ ለምለም ሣር አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ስለ ሆነ እርጥቡን መመዘን ብቻውን አይበቃም።

ዘዴው ጥቅም እንዳለው አንክድም። ሣሩን ሳያጭዱ በአንድ ጧት ብዙ መስክ ማዳረስ ይቻላል፤ የትኛው መስክ አስቀድሞ እንዲጋጥ ለመወሰንም ይበቃል። የምንቃወመው ይኸው ቁጥር ያለ ምርመራ ወደ ኪሎ ተለውጦ ለላሞች ሲታደል ነው።

ለምሳሌ በአንድ ሄክታር መስክ ላሞች ሳይገቡ አማካዩ 16፥ ከወጡ በኋላ 7 ነው እንበል። በቀመሩ መሠረት ፊተኛው 2,740፥ ኋለኛው 1,480 ኪሎ ይሆናል፤ ልዩነቱም 1,260 ነው። ለ100 ላሞች ሲካፈል ለእያንዳንዷ 12.6 ኪሎ ይደርሳታል። ልብ ብለን ብናይ 500ው በመቀነሱ ጊዜ ጠፍቷል፤ የላሚቱን ድርሻ የወሰነው 140ው ብቻ ነው። የዚያ መስክ እውነተኛ ማባዣ 115 ቢሆን ድርሻዋ 10.35 ኪሎ ብቻ ነው። በወረቀት ከተሰጣት ከሁለት ኪሎ የሚበልጠውን በመስኩ አላገኘችውም፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ጉድለቱን ለመሙላት እስከ ሥሩ ብትግጥ ደግሞ፥ ሣሩ እንደገና የሚያድግበት ቅጠል ስለሚያንሰው የሚቀጥለው ዙር ይዘገያል። ግምቱ ከእውነቱ ቢያንስ፥ ሣሩ ሳይበላ ያረጃል፤ ገበሬውም ያላስፈለገውን መኖ ይገዛል።

ማባዣው የሚለዋወጥበት ምክንያት አለው። 140ና 500 የክረምት ቀመር ናቸው፤ በበጋ ግን አገዳና የሞተ ቅጠል ስለሚበዛ በዚያው ቁመት የሚገኘው ደረቅ መኖ ይበልጣል። ስለዚህም ለሌሎች ወራት ሌሎች ቀመሮች ወጥተዋል። ሆኖም ወሩን መለየት ብቻውን አይበቃም። ከግጦሽ የተረፈውና የተረገጠው ሣር ሳሕኗን እንዳልተነካው ሣር አይሸከማትም፤ እንግዲህ ለፊተኛውና ለኋለኛው ልኬት አንድ ቀመር መያዙ ራሱ ያጠራጥራል።

መሣሪያው ይጣል አንልም። ነገር ግን ድርሻ የሚያድልበት ሁሉ በየወቅቱ ከገዛ መስኩ፥ ሣሩ ከሳሳበትም ከበዛበትም ቦታ፥ በተለካ ክፈፍ ውስጥ ያለውን አጭዶ፥ አድርቆና መዝኖ ማባዣውን ሊያርም ይገባዋል። ቀመሩ የወጣው ራይግራስና ነጭ ክሎቨር ለሚበዙበት መስክ ነው። ሰርዶና ማጋጣ ወደሚበቅሉበት ወደ እኛ ደጋ ለማምጣት የሚያስብ ቢኖር፥ ከቀመሩ በፊት ማጭድና ሚዛን ይዞ ወደ መስኩ መውረድ አለበት።