የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ? ፍቅር፣ የቆዳ ቀለምና «ጤዛ»

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው ነባር አባባል ለብዙ ጉዳይ ይጠቀሳል፤ ይልቁንም ወንድ ወይም ሴት ልጅ ከውጭ አገር ሰው ጋር መተጫጨቱ በተሰማ ጊዜ ከሽማግሌዎች አፍ አይጠፋም። አባባሉ ባህልን የመጠበቅ ቅን ፍላጎት ያለበት መሆኑ አይካድም። ሆኖም በውስጡ ሳይመረመር የሚታለፍ አንድ ፍርድ አለ፤ ይኸውም በመልክና በቀለም የሚመስለን ሁሉ የእኛ፣ የማይመስለን ሁሉ ባዳ ነው የሚል ነው። ኪነ ጥበባችን ይህን ፍርድ እንዴት ተመለከተው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን በተለይ ከኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ፊልም አንጻር መመርመር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ «የራስ ወገን» የሚባለው ራሱ አንድ ወጥ አለመሆኑን መገንዘብ ያሻል። በቋንቋችን «ዘር» የሚለው ቃል ለእህልም፣ ለትውልድ ሐረግም፣ ለብሔርም፣ ለቆዳ ቀለምም ያገለግላል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን የለያያቸው ከባሕር ማዶ የመጣ ቀለም አይደለም። ሁለቱም የጎጃም ልጆች ናቸው፤ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ አንድ ሃይማኖት አላቸው። የለያያቸው ፊታውራሪ መሸሻ የሚመኩበት የትውልድ ሐረግና ሐረጉ የተሸከመው የመደብ ልዩነት ነው። የቀለምም ነገር ቢሆን ከቤታችን የራቀ አይደለም። «ቀይ ናት» ተብላ የምትመረጥ ሙሽራ አለች፤ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከተሻረ በኋላም በጠቆረ መልኩ ምክንያት በባርነት ዘመን ስድብ እየተጠራ ከጋብቻ የተገለለ ወገን አለ። እንግዲህ የአገሩን ሰርዶ ለአገሩ በሬ የሚመክር ሰው የትኛውን በሬ ማለቱ እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል።

በቀለም ልዩነት ምክንያት ፍቅርን ወንጀል ያደረገ ሕግ በአገራችን ላይ የተጫነው ግን በፋሽስት ወረራ ዘመን ነው። በ1927 ዓ.ም. ወራሪው ለዘመቻ ሲሰናዳ ሐበሻይቱን ልጃገረድ ነጻ አወጣለሁ እያለ የሚመጻደቀው «ፋቸታ ኔራ» የተባለው መዝሙር በኢጣሊያ ገንኖ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም.፣ ያው መንግሥት ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ኢጣሊያዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። የሕጉን መንፈስ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በገንዘብ የተገዛ ገላ አላስቀጣም፤ ያስቀጣው አብሮ መኖሩ፣ ጎጆው፣ መተሳሰቡ ነበር። በ1932 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ኢጣሊያዊው አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ በሕግ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። ከዚህ የምንረዳው ዘረኝነት የሚፈራው የሁለት አካላትን መገናኘት ሳይሆን ከመገናኘቱ የሚወለደውን እኩልነትና ኃላፊነት መሆኑን ነው።

በዚያው በ1929 ዓ.ም. ዶክተር መላኩ በያን ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑት መላኩ ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶሮቲ ሐድሊን አግብተው ነበር፤ እሳቸው በ1932 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ባለቤታቸው የትግሉ ተካፋይ ነበሩ። ያን ጊዜ ጥቁር አሜሪካዊውን እንደ ባዳ የሚያይ ኢትዮጵያዊ ጥቂት አልነበረም። በቀለም መመሳሰል ብቻውን ወገን አላደረጋቸውም፤ ወገን ያደረጋቸው የጋራ ዓላማና የጋራ ኑሮ ነው። ለተውኔት ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምን ማለፊያ ጉዳይ ይገኛል?

ወደ «ጤዛ» እንምጣ። ፊልሙ በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ሕክምና ለመማር ጀርመን ይሄዳል፤ በዚያም ከጥቁሯ ከካሳንድራ ጋር ይዋደዳል። ጓደኛው ተስፋዬ ከጀርመናዊቷ ከጋቢ ቴዎድሮስን ይወልዳል። አብዮቱ ሲፈነዳ ምሁራኑ አገር ለማገልገል ይመለሳሉ። ተስፋዬ በአገሩ ሰዎች እጅ ይገደላል፤ አንበርብርም በኋላ ወደ ጀርመን ተልኮ ሳለ፣ የበርሊን ግንብ በፈረሰበት ሰሞን፣ በዘረኞች እጅ እግሩን ያጣል።

የፊልሙ ታላቅነት በአውሮፓ ዘረኝነት ላይ ጣቱን መቀሰሩ ብቻ አይደለም፤ ይህን ብዙዎች አድርገውታል። ኃይሌ ገሪማ ጥያቄውን ወደ ራሳችን ወንዶችም አዙሮታል። «ለሕዝቤ ልሠዋ» ብሎ የሚነሣ አብዮተኛ ጀርመን ውስጥ ጥሎት ለሚሄደው ልጅ ምን መልስ አለው? ቴዎድሮስ በእናቱ አገር ጥቁር ነው፤ በአባቱ አገር የሚያውቀው የለም። የአንድ ታላቅ ንጉሥ ስም ቢሰጠውም ስሙ ከጎኑ አልቆመለትም። ፋሽስቱ ሕግ በግድ ያደረገውን አባትን ከልጅ የመለየት ሥራ እዚህ ላይ ቅን ዓላማ ያለው ሰው በፈቃዱ ይፈጽመዋል። የሁለቱ በደል መነሻው አንድ አይደለም፤ ለሕፃኑ ግን ውጤቱ ተቀራራቢ ነው። ይህን በድፍረት ማሳየት ኪነ ጥበባዊ ሐቀኝነት ይባላል።

ይሁን እንጂ ፊልሙ ያነሣውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው አልዘለቀበትም። ካሳንድራና ጋቢ ሕያው ሆነው ይገባሉ፤ ታሪኩ ወደ አገር ሲመለስ ግን ሁለቱም ከስደት ትዝታ ጋር አብረው ይከስማሉ። የቆሰለው አንበርብር ወደ እናቱ መንደር ሲመለስ ማኅበረሰቡ ካገለላት ከአዛኑ ጋር ይጠጋጋል፤ ፈውሱንም በእሷ ዘንድ ያገኛል። አዛኑ ራሷ ልብ የሚነካ ገጸ ባሕርይ ናት፤ ቅሬታችን በእሷ ላይ አይደለም። ቅሬታችን ፊልሙ ሳያስበው የባዕድ አገርን ሴት ከስደት፣ የአገርን ሴት ከአፈርና ከፈውስ ጋር ማዛመዱ ነው። ይህ ዞሮ ዞሮ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ማለት ይሆናል። ሴት የአገር ምሳሌ ከሆነች ዘንድ፣ ቀለሟ ምንም ይሁን ምን፣ የራሷን ጥያቄ የምትጠይቅበት አንደበት ያጥራታል። ጋቢ ከልጇ ጋር ያሳለፈቻቸው ዓመታት ሌላ ፊልም የሚወጣቸው ነበሩ።

ጉዳዩ የጀርመን ብቻ እንዳይመስለን። ለቡ መብራት ኃይል የሚኖር ሰው ይህን በቅርብ ያውቀዋል። በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በዚያው በፉሪ-ለቡ ጣቢያ ነው። በግንባታው ዓመታት የሁለት አገር ሠራተኞች አብረው ውለዋል፤ ሰው አብሮ በሚውልበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ፍቅር መነሣቱ አይቀርም። በመድረካችን ላይ ግን የውጭ አገር ሰው ሲገባ ብዙውን ጊዜ ወይ በተሰባበረ አማርኛው የሚሳቅበት፣ ወይ ወደ ውጭ የሚያሻግር መሰላል ሆኖ ነው። እሱን ወይም እሷን የወደደው ኢትዮጵያዊም ገንዘብ አምላኪ ተደርጎ ይሣላል። እንዲህ ያለ ሰው የለም አይባልም፤ ሁሉም እንዲህ ነው ማለት ግን ስንፍና ነው።

ስለዚህ ደራስያንና ተዋንያን ሁሉ፣ መምህራንም በክፍላችሁ፣ ይህን ጉዳይ ስታነሡ የጥንዶቹን ቀለም ከመቁጠር በፊት ሌላ ጥያቄ አስቀድሙ። በቤቱ ውስጥ እኩልነት አለ ወይ? አንዱ አገሩን ሲመርጥ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የሚወለደው ልጅ የማንን ስም ይጠራል፣ በማንስ ደጅ ይገባል? እነዚህን ጥያቄዎች ለፈረንጅና ለሐበሻ ጋብቻ ብቻ ሳይሆን በዘርና በሐረግ ለሚለያዩት ለራሳችን ልጆችም እኩል እንጠይቅ። «ጤዛ» በሩን ከፍቶልናል፤ ቴዎድሮስ የራሱን ታሪክ በራሱ አንደበት የሚናገርበትን ተውኔት መጻፍ የእኛ ፋንታ ነው።