ከርቤና ብረት፦ «የብረት መዳፍ» ከጅቡቲ ወደብ ሲታይ

«የብረት መዳፍ» የምንለው የቻይና የእጅ ማጠንከሪያ ልምምድ በአገሩ ቋንቋ «ቲዬ ሻ ጃንግ» ይባላል፤ ቃል በቃል የብረት አሸዋ መዳፍ ማለት ነው። ብረቱ ያለው ተለማማጁ በሚመታው ከረጢት ውስጥ ባለው አሸዋ ነው። ስሙ ከአገር አገር ሲዞር አሸዋው ወደቀና ብረቱ እጁ ላይ ተለጠፈ። ይህ ትንሽ የትርጉም ስህተት የልምምዱን ግማሽ ከዓይናችን ሰውሯል ብዬ አምናለሁ።

ለስህተቱ መስፋፋት ሲኒማ ትልቅ ድርሻ አለው። ኮሪያዊው ጆንግ ቻንግ ሁዋ ለሆንግ ኮንጉ ሻው ብራዘርስ በ1972 እ.ኤ.አ. ባዘጋጀው «ኪንግ ቦክሰር» ፊልም፣ ጀግናው ሊመታ ሲል መዳፉ እንደ ፍም ይቀላል። ተመልካች ይዞት የወጣው ያንን ፍም ነው። የፊልሙ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው፦ በቅናት የነደደ ባልንጀራው አሳልፎ ይሰጠውና የጀግናው እጆች ይደቅቃሉ፤ ከዚያ በኋላ እጁን ማዳን አለበት። ስለዚህ ትዕይንት ሲወራ ብዙም አልሰማሁም።

ልምምዱ ራሱ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። ከረጢቱ ወገብ በሚደርስ መቆሚያ ላይ ይጋደማል። መጀመሪያ ማሾ፣ ቀጥሎ ጠጠር ወይም አሸዋ፣ ወራት ካለፉ በኋላ የብረት ድቃቂ ይሞላበታል። ተማሪው በጉልበት አይመታም፤ ትከሻውን ለቆ እጁን በራሱ ክብደት ይጥላል፤ በመዳፉ፣ በመዳፉ ጀርባ፣ በጠርዙ። ለመጀመሪያው ደረጃ በልማድ የሚነገረው ጊዜ 100 ቀን ነው። ከምቱ በፊትና በኋላ እጁ በመድኃኒት ይታሻል። መድኃኒቱን ካንቶኖች «ዲት ዳ ጆው» ይሉታል፤ የመውደቅና የመመታት አረቄ እንደማለት ነው። ዕፅዋትና ሙጫ በአልኮል ተዘፍዝፈው ለወራት ይቀመጣሉ።

ይህን አረቄ የሚያዘጋጀው ማን ነው? ራሱ መምህሩ። በ1925 እ.ኤ.አ. ያረፈው ዝነኛው የኩንግ ፉ መምህር ዎንግ ፌይ ሁንግ «ፖ ቺ ላም» በተባለ መድኃኒት ቤቱ ስብራትና ውልቃት ያክም ነበር። ለእንዲህ ያለ ሰው አማርኛ የቆየ ስም አለው፦ ወጌሻ። የእኛ ወጌሻ ቅቤ ቀብቶ ያሻል፣ የወለቀውን ይመልሳል፣ የተሰበረውን ያስራል፤ የእግር ኳስ ቡድን ሐኪም እንኳ በሜዳ ላይ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ልዩነቱ፣ በደቡብ ቻይና መምታት የሚያስተምረውና የተመታውን የሚጠግነው አንድ ሰው መሆኑ ነው። የብረት መዳፍን ከዚህ ሰው ነጥሎ ማየት ልምምዱን ለሁለት መሰንጠቅ ነው።

በ1894 እ.ኤ.አ. የተወለደው የብረት መዳፍ መምህር ጉ ሩ ጃንግ በጡብ ክምር ፊት የተነሳው ፎቶግራፍ የዘርፉ መታወቂያ ሆኗል። ፎቶግራፉ ጡቡን ያሳያል፤ አረቄውንና የዓመታቱን እሽት ሊያሳይ አይችልም። የጡቡ ጉዳይ በሳይንስም ተመርምሯል። ማይክል ፌልድ፣ ሮናልድ ማክኔርና ስቲቨን ዊልክ በ1979 እ.ኤ.አ. «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» ላይ ስለ ካራቴ ፊዚክስ ባወጡት ጽሑፍ፣ ሲሚንቶን ሰብሮ የማይሰበር እጅ ተአምር እንዳልሆነ አስረዱ፤ አጥንት ከኮንክሪት እጅግ የበለጠ ጫና ይችላል። ማክኔር ራሱ ካራቴ ተጫዋች ነበር። ከእነሱ አስቀድሞ ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ በ1892 እ.ኤ.አ. አጥንት በሚሸከመው ጫና ልክ ራሱን እንደሚያድስ ጽፎ ነበር። መታደስ ግን ዕረፍት ይሻል። ያለ ዕረፍት የሚደበደብ እጅ መገጣጠሚያውና ነርቩ ይጎዳል፤ ጣቱ መርፌ መያዝ ያቅተዋል።

አሁን ወደ ጅቡቲ ልምጣ። አረቄው ውስጥ ከሚገቡት መካከል ሁለቱ የዚህ የአፍሪካ ቀንድ ልጆች ናቸው፦ ከርቤና ዕጣን። በቻይና ሕክምና ሁለቱ አብረው የሚታዘዙት የረጋ ደም እንዲንቀሳቀስና ሕመም እንዲቀንስ ነው። ከርቤን «ሞ ያው» ይሉታል፤ «ሞ» የሚለው ድምፅ ሴማዊው «ሙር» እንደሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ስሙም እንደ ዕቃው ባሕር ተሻግሯል ማለት ነው። ዛሬም የቻይና መንግሥት የመድኃኒት መድበል ዕጣንን የሶማሊያና የኢትዮጵያ ብሎ በሁለት ይከፍለዋል። ስለዚህ ቻይና ወደ ጅቡቲ የመጣችው በ2017 እ.ኤ.አ. የጦር ሰፈር ስትከፍት ነው የሚለው አነጋገር የወደብን ታሪክ ያሳጥራል።

ከሰፈሩ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ የተከፈተው የሉ ባን የሙያ ማሠልጠኛ ነው፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ሉ ባን የቻይና አናጢዎች እንደ አባት የሚያዩት የጥንት ባለሙያ ነው። ማሠልጠኛው የባቡርና የንግድ ሙያ ያስተምራል። ከፊልሙ ፍም ይልቅ የዚህ አናጢ እጅ ለብረት መዳፍ መንፈስ የቀረበ ይመስለኛል፤ ሁለቱም እጅ ቀስ በቀስና በመምህር ፊት እንደሚሠራ ያውቃሉና።

በዚያው ከተማ ግን ማንም ያላሠለጠነው ጠንካራ እጅ አለ። ከ90 በመቶ በላይ የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ በሚያልፍበት ወደብ ማዳበሪያና ስንዴ በጆንያ ሲጫን፣ የተሸካሚው መዳፍ ከማንም ተማሪ መዳፍ በላይ ይሻክራል። ሙቀቱ በሞቃቶቹ ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ለዚህ እጅ ማሾ የለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብረቱ ነው። የ100 ቀን ሥርዓት፣ የእሽት ሰዓት፣ ዛሬ በቃህ የሚል መምህር አልተደነገገለትም። ስለ ማርሻል አርት የሚጽፉ ሰዎች ጥንካሬን ሲያደንቁ ይህን እጅ ዘንግተው ማለፋቸው ያሳዝነኛል፤ ሥርዓቱን ከጭካኔ የሚለየው ምን እንደሆነ የሚታየው ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ነውና።

የዕጣኑ መነሻም እጅ ነው። በመተማ ቆላ ዛፉን የሚያደማው ሰው ቅርፊቱን በጥቂቱ ይልጣል፤ ቀናት ቆይቶ ተመልሶ ያንኑ ቁስል ያድሳል። አብዝቶ ከላጠ ዛፉ ይደርቃል። የረጋው ሙጫ መጋዘን ሲገባ ሴቶች ተቀምጠው ፍሬ ፍሬውን በመጠንና በቀለም ይለቅማሉ፤ ነጩን ለብቻ፣ ቅርፊት የነካውን ለብቻ። ከዚያ በጆንያ ተሰፍቶ ወደ ባሕሩ ይወርዳል።