225፦ ፊደል ወይስ ትእዛዝ

የፕሮግራም ሥራ ጀማሪዎች ገና ከመነሻው የሚያነሡት፣ አስተማሪዎች ግን ብዙውን ጊዜ ሳይመልሱት የሚያልፉት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያለው ሁሉ ዜሮና አንድ ብቻ ከሆነ፣ አንዱ ቁጥር፣ ሌላው ፊደል፣ ሦስተኛው ደግሞ ትእዛዝ መሆኑን ማሽኑ በምን ይለያል የሚል ነው። በተለመደው የማስተማር ዘዴ ተማሪው 13ን ለሁለት እያካፈለ 1101 ላይ ይደርስና ትምህርቱ በዚያው ያበቃል። ስሌቱ ትክክል ቢሆንም ለጥያቄው መልስ አይሆንም፤ መልሱ ጠርቶ የሚታየው ተማሪው በየቀኑ በሚጽፈው በገዛ ፊደሉ ላይ ነው።

ባይት የሚባለው የስምንት ቢት፣ ማለትም የስምንት ዜሮዎችና አንዶች፣ ስብስብ ነው። 11100001 የተባለው ባይት እንደ ተራ ቁጥር ሲነበብ 225 ይሆናል። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 በነደፉት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ስምምነት ደግሞ ሦስት ባይት የሚወስድ ፊደል መጀመሩን ያመለክታል፤ የአማርኛ ፊደላትም ሁሉ የሚጀምሩት በዚሁ ባይት ነው። ላቲን-1 በሚባለው የቆየ ስምምነት ያው 225 ከላዩ ጭረት ያለበት ትንሹ የላቲን ኤ ስለሆነ፣ በተሳሳተ ስምምነት የተከፈተ የአማርኛ ገጽ በዚህ ፊደል ተሞልቶ ይታያል። የኢንቴል ኤክስ86 ቤተሰብ ፕሮሰሰር ግን ባይቱን በትእዛዝ ቦታ ካገኘው፣ ቆጣሪውን በአንድ ቀንሶ፣ ቆጣሪው ዜሮ ካልደረሰና የቀደመው ንጽጽርም እኩል ከወጣ ወደ ሌላ ቦታ ይዘላል። ቢቶቹ በአራቱም ንባብ ያው ናቸው። ማሽኑ ምንነታቸውን አያውቅም፤ ባይቱን ትእዛዝ የሚያደርገው ፕሮሰሰሩ ቀጣዩን ትእዛዝ የሚያነብበትን አድራሻ የያዘው መዝገብ ወደዚያ ማመልከቱ ብቻ ነው።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ሀ 4608 የሚል ቁጥር ተሰጠው፤ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ቀጠለ፤ ለ ደግሞ በ4616 ጀመረ። ከአንዱ ረድፍ መነሻ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ስምንት መሆኑ ታላቅ ማስተዋል ያለበት ውሳኔ ነው፤ ምክንያቱም ስምንት ቦታዎች በሦስት ቢት ልክ ስለሚገለጹ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቢቶች ለድምፅ ደረጃው ብቻ ቀሩ። 000 ግዕዝ፣ 001 ካዕብ፣ 010 ሣልስ፣ 011 ራብዕ፣ 100 ኃምስ፣ 101 ሳድስ፣ 110 ሳብዕ ሲሆን፣ 111 እንደ ሏና ሟ ላሉት ዲቃላዎች ሆነ። ም በሁለትዮሽ 0001001000011101 ነው፤ መጨረሻው 101 መሆኑ ሳድስነቱን ይናገራል፣ እነዚያ ሦስት ቢቶች ወደ ዜሮ ሲመለሱም መ ይገኛል። ፘ፣ ፙና ፚን የመሳሰሉ ከሥርዓቱ የሚወጡ ጥቂት ፊደላት ቢኖሩም፣ የፊደል ገበታው ወደ ጎንና ወደ ታች የሚነበብበት ሥርዓት በቢቶቹ ውስጥ ሳይፈርስ ተቀምጧል። ይህን በገዛ እጁ ጽፎ ያየ ተማሪ ቢት ምን እንደሆነ ዳግመኛ አይጠይቅም።

ይህን ዝርዝር ማሽኑ ስለሚሠራው ሰው ቢቱን ማየት አያስፈልገውም የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ አቋማቸው ግን ሥራው ላይ ሲደርስ አይጸናም። «ሰላም» ሦስት ፊደል ሆኖ ዘጠኝ ባይት ይወስዳል፤ ባይትን ከፊደል ሳይለይ ስምንት ባይት ብቻ የሚቀበል ሣጥን ያዘጋጀ ፕሮግራመር ከም ሦስት ባይቶች 225ንና 136ን ይዞ 157ን ይቆርጣል፣ አንባቢውም በም ፈንታ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ያያል። የስልክ አጭር መልእክትም ለላቲን 160 ፊደል ሲፈቅድ ለአማርኛ 70 ብቻ የሚፈቅደው መልእክቱ 140 ባይት ስለሆነና አማርኛው በዚያ ከዩቲኤፍ-8 በተለየ ስምምነት በፊደል ሁለት ባይት ስለሚይዝ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ሙያው ትርጉም ያገኘው ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉ የአማርኛ ፋይሎችን በማዳን ሥራ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ ስላለውና ፊደሉ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከዚያ ስለሚበልጥ፣ እያንዳንዱ የፊደል ቅርጽ አዘጋጅ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የየራሱን ድልድል ይሠራ ነበር። ድልድሉ ሲጠፋ ቢቶቹ አንድም ሳይጎድሉ ጽሑፉ የማይነበብ ይሆናል። የሰው ደብዳቤና የምርምር ሥራ በዚህ ሁኔታ ተዘግቶ መቅረቱ የዚህን ጽሑፍ አዘጋጅ ዘወትር ያሳዝነዋል። የጠፋውን ድልድል የሚፈታ ሰው በቅድሚያ በብዛት የሚደጋገሙትን ባይቶች ይቆጥራል፤ በቃላት መጨረሻ የሚበዙትን ለን፣ ለትና ለም ይሞክራል፤ አንድ የታወቀ ስም ወይም የከተማ መጠሪያ በትክክል ሲወጣለት፣ የተገኙትን ፊደላት በሌሎቹ ቃላት ላይ እያሳረፈ ድልድሉን በሙሉ ይመልሳል።