«ኦሮማይ»ና የብዕሩ ጌታ

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በተነሣ ቁጥር ጨዋታው ወዲያው ወደ ፊያሜታ ያዘነብላል። ቀጥሎ የደራሲው መጥፋት ይወሳል፤ ከንፈር ይመጠጣል፤ በዚያው ይዘጋል። መጽሐፉ ግን ሌላ ጥያቄ አለው፤ ለመሆኑ ጋዜጠኛ የማን ነው?

ዋናው ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለ ማርያም የቀይ ኮከብን ዘመቻ ሊያስተዋውቅ አስመራ የሄደ ጋዜጠኛ ነው። የሚያየው በገዛ ዓይኑ ነው፤ ደመወዙ ግን የሚመጣው ዘመቻውን ካወጀው መንግሥት ነው። ያየውና የተላከበት ሲለያዩ ምን ይበጀዋል? የልቦለዱ ጭንቅ እዚህ ላይ ነው። የፍቅሩ ታሪክ ይኸን ጭንቅ አንዳንዴ ይጋርደዋል፤ ሃያሲ ሊነቅፍ የሚገባውም ይኸንኑ ይመስለኛል።

የደራሲው ኑሮም ከገጸ ባሕርዩ የራቀ አልነበረም። በዓሉ «አዲስ ዘመን»ን በዋና አዘጋጅነት መርቷል፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴርም ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። መጽሐፉን በ1975 ዓ.ም. ያወጣው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅትም የመንግሥት ነበር። እንግዲህ ጋዜጣው፣ ሚኒስቴሩ፣ አሳታሚው፣ ሁሉም የአንድ ጌታ ንብረት! መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ።

እኛ የፎገራ ልጆች ይኸን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በሬ ተውሶ የሚያርስ ሰው እርፉን የቱንም ያህል አጥብቆ ቢይዝ፣ የበሬው ጌታ ከትልሙ መሐል «ፍታልኝ» ካለው መፍታት ነው። የጋዜጠኛ ጉብዝናም ብቻውን እርፍ መጨበጥ ነው።

«ታዲያ የግል ይሁና!» የሚል አይጠፋም። ሆነ እኮ። የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ሲወጣ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ፈሉ። ማተሚያው ግን በአብዛኛው ያው የመንግሥቱ ብርሃንና ሰላም ነበር። በ2004 ዓ.ም. ይኸው ማተሚያ ቤት፣ ሕግ ይጥሳል ያለውን ጽሑፍ ላለማተም የሚያስችለውን ውል ለአሳታሚዎች አቀረበ። ነጋዴስ ቢሆን ጌታ አይደለም እንዴ? በማስታወቂያ የሚያኖረውን ድርጅት ጉድ ማን ደፍሮ ይጽፋል? ስለዚህ ቁምነገሩ «የመንግሥት ወይስ የግል?» ማለቱ ላይ አይደለም። በባለቤቱና በአዘጋጁ መካከል ባለቤቱ የማይዘለው አጥር አለ ወይ? ይኸ ነው ጥያቄው።

ነገሩ የአዲስ አበባ ብቻ እንዳይመስለን። ከጣራ ገዳም አጠገብ ያለችው ከተማና በ1933 ዓ.ም. የተቋቋመው ጋዜጣ «አዲስ ዘመን» የሚል ስም ይጋራሉ። ርብና ጉማራ ሞልተው ሩዙን ሲያጥለቀልቁት ግን ዜና የሚሆነው የገበሬው ኪሣራ ነው ወይስ የባለሥልጣን ጉብኝት? መልሱን የሚወስነው ጋዜጣው የማን መሆኑ ነው።

እስቲ «ኦሮማይ»ን እንደገና እናንብበው። ለፊያሜታ ከማልቀሳችን በፊት፣ የፀጋዬን ደመወዝ ማን እንደሚከፍል እንጠይቅ።