ሐውልትና ምስል፤ ስለ ሥነ ጥበብ ቃላት

በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ በኩል ያለው ሰፈር ቀራንዮ ሲባል ስሙ ከጽርእ ቋንቋ መምጣቱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ቃሉ በጽርእ የራስ ቅል ማለት ሲሆን፥ ከወንጌል ወደ ግዕዝ ገብቶ በኋላ የደብርና የሰፈር ስም ሆነ። የባዕድ ቃል እንዲህ ሲገባ ቋንቋን ያበለጽጋል። የሚጎዳው ግን የራሳችንን ሥራ በባዕድ ስም ጠርተን ሥራውን ሳናየው ስንቀር ነው።

ለዚህ ዋናው ምሳሌ በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ወደ ሮማ የወሰዱት፥ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም ዳግመኛ የቆመው፥ 24 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሐውልት ነው። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ «ኦቤሊስክ» ይሉታል። ይህ በጽርእ ሥጋ ተሰክቶ የሚጠበስበት ትንሽ ሹል ዘንግ ማለት ነው፤ ግሪኮችም ስሙን የሰጡት ጫፉ እንደ ፒራሚድ ለሾለው የግብፅ ድንጋይ ነበር። የአክሱሙ ግን ራሱ ክብ ነው፤ በፊቱም ላይ በር፥ መስኮትና የአግዳሚ እንጨቶች ጫፍ ተቀርጾበት ባለብዙ ፎቅ ቤት ይመስላል። ኦቤሊስክ ብሎ የተማረ ተማሪ ሹል ድንጋይ ብቻ ያያል፤ ሐውልት ብሎ ቀርቦ የተመለከተው ግን የአክሱምን ግንበኞች ጥበብ ይመረምራል።

ይሁን እንጂ የእኛም አነጋገር ጉድለት አለበት። የአክሱምን ድንጋይም፥ በአደባባይ በፈረስ ላይ ያለውን የዳግማዊ ምኒልክን ምስልም በአንድነት ሐውልት እንላለን። ጽርእ የቆመውን ድንጋይ «ስቴሌ»፥ የሰውን ምስል «አንድሪያስ» ብሎ ይለያል። ልዩነቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጸው የጽርእ ጽሑፍ ለአምላኩ ለአሬስ አንድ የወርቅ፥ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ምስሎች ማቆሙን የተናገረው በዚሁ «አንድሪያስ» በሚለው ቃል ነው። በ1898 ዓ.ም. ወደ አክሱም የመጡት የጀርመን ሊቃውንትም የእግር ማረፊያው 92 ሳንቲ ሜትር የሆነ የምስል መቆሚያ ድንጋይ አግኝተዋል። ምስሎቹ ጠፍተዋል፤ ሐውልትና ምስልን መለየት ከተውን ግን ኖረው እንደ ነበርም እንዘነጋለን።

የቀረውን በአጭሩ ለመናገር፥ የታወቀ ቃል ላለው ነገር ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። ዓምድ ዓምድ ነው፤ ሮማውያን በድልድይና በበር የሠሩበት ቅስትም በጎንደር ግንቦች ላይ ይታያል። ኤትሩስካውያን አየር በታፈነበት እሳት እያጠቈሩ የሠሩትን «ቡኬሮ» የተባለ ዕቃ ጥቁር ሸክላ ብንለው፥ ጥቁር ጀበና የሚያውቅ ተማሪ ፈጥኖ ይረዳዋል። «ኩሮስ» ግን ሊተረጐም አይገባውም። ቃሉ ወጣት ማለት ነው፤ ነገር ግን ወጣት ብንል፥ እጆቹን በጎኑ አውርዶ ግራ እግሩን ወደ ፊት ያራመደው ራቁት የድንጋይ ምስል በአሳብ አይመጣም።

ስለዚህ መምህራንና ተርጓሚዎች ቃል ከመምረጣቸው በፊት ዕቃውን በዓይናቸው ይመልከቱ፤ ስም ነገሩን የሚያሳይ እንጂ የሚሸፍን መሆን የለበትም።