ክንዱ የማን ነው?

ድሮ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እግሩን ካነሳበት አያልፍም ነበር አሉ። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቆራኝቶ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። አሜሪካኖች የሚቆራኙበት ነጠላ ባይኖራቸውም፣ ነገር ሲከርባቸው የሚሄዱት ዘጠኝ ዳኞች ወደሚሰየሙበት ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ነው። በኮቪድ ጊዜ ተከተብ የተባለውም ሰው፣ ተከተብ ያለውም መንግሥት «በሕግ አምላክ» እያሉ የደረሱት እዚያው ነው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።)

ፍርድ ቤቱ አዲሱን የችሎት ዘመን ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ሲከፍት፣ ዳኞቹ ከማርች 2020 ወዲህ በአካል ተሰይመው ክርክር ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዘጠኙ አንዱ፣ ዳኛ ካቫና፣ ቫይረሱ ስለተገኘባቸው ከቤታቸው ሆነው ተሳተፉ። በዚያው የችሎት ዘመን፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 2022፣ የባይደን መንግሥት ያወጣቸው ሁለት ትእዛዞች ለክርክር ቀረቡ። አንደኛው መቶና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሠራተኞቹን እንዲያስከትብ፣ ያልተከተበውም በየሳምንቱ እየተመረመረ ማስክ አድርጎ እንዲሠራ የሚል ነው፤ 84 ሚሊዮን ያህል ሠራተኛ ይነካል። ሌላው ከመንግሥት የጤና መድን ገንዘብ በሚቀበሉ ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መጦሪያዎች ያሉ ሠራተኞች እንዲከተቡ ያዛል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ነርስና አስታማሚ ሆነው የሚሠሩ ሐበሾች ብዙ ናቸውና፣ ይኼኛው የእኛንም ሰው ቤት አንኳኩቷል።

በስድስተኛው ቀን ውሳኔው መጣ። የመጀመሪያው ትእዛዝ 6 ለ3 ታገደ፤ ሁለተኛው 5 ለ4 በሥራ ላይ እንዲውል ተፈቀደ።

ወሬው የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ክትባት ማስገደድ ተከለከለ» ያለ አለ፤ «ተፈቀደ» ያለም አለ። ዳኞቹ ግን የጠየቁት ኮንግረስ ይህን ትእዛዝ እንዲያወጣ ለዚህ መሥሪያ ቤት ሥልጣን ሰጥቶታል ወይ ብለው ነው። ለሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ አልሰጠም፣ ለጤናው ሚኒስትር ሰጥቷል አሉ። ክንዴ የእኔ ብቻ ነው ወይስ ጎረቤቴም ድርሻ አለው የሚለው ጥያቄ በር ላይ ቆሞ ቀረ።

በሕግ ዓይን ይህ ነውር የለውም። ያልተሰጠውን ሥልጣን ይዞ የሚነሳ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚያደርግ ለእኛ አይነገረንም። አልዋጥልህ ያለኝ ምክንያታቸው ነው። ኮቪድ በቤትም፣ በትምህርት ቤትም፣ በስታዲየምም ስለሚይዝ፣ በአብዛኛው ሥራ ላይ «የሥራ አደጋ» አይባልም አሉ። እሳትስ በቤትም ይነሳ የለም እንዴ? በተቃውሞ የጻፉት ሦስቱ ዳኞችም እሳትን አንስተዋል። ስታዲየም መቅረት ይቻላል። ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥሞ የሚሠራው ግን ወዴት ይሂድ? ደግሞ ይቺን ልብ በሉልኝ፦ ትእዛዙን ሊቃወሙ የመጡት የኦሃዮ ግዛት ጠበቃ ቫይረሱ ስለተገኘባቸው የተከራከሩት በስልክ ነው። ወደ ችሎቱ የሚገባ ጠበቃ አስቀድሞ ይመረመር ነበርና። በራሳቸው የሥራ ቦታማ አደጋው ታይቷቸዋል!

ሆኖም አንድ የምትከብድ ነገር ብለዋል፤ ክትባት ከሥራ መልስ አይወልቅም። እንደ ሄልሜት ሚስማር ላይ ሰቅለውት አይሄዱም።

በ1905 ጥያቄውን ፊት ለፊት መልሰውት ነበር። ማሳቹሴትስ ውስጥ ካምብሪጅ ከተማ ፈንጣጣ ገብቶ ነዋሪው ተከተብ ሲባል፣ ስዊድን የተወለዱት ፓስተር ሄኒንግ ጃኮብሰን «በልጅነቴ ተከትቤ ክፉኛ ታምሜያለሁ» ብለው እንቢ አሉ፤ 5 ዶላር ተቀጡ። ፍርድ ቤቱ 7 ለ2 ቅጣቱን አጸና። ዳኛ ሃርላን ነፃነት ማለት ሁልጊዜ ከማናቸውም ገደብ ውጭ መሆን አይደለም ሲሉ ጻፉ። ያ ፈንጣጣ ከዓለም ሲባረር የመጨረሻ ምሽጎቹ እኛና ሶማሊያ ነበርን፤ ከእኛ በ1976፣ ከሶማሊያ በ1977 ወጣ። ያለ ክትባት የሚሆን አልነበረም።

ግን ያ ፍርድ ልጅ ወለደ። በ1927 ዳኛ ሆምስ ካሪ በክ የተባለችውን የቨርጂኒያ ወጣት፣ «አእምሮዋ ደካማ ነው» ተብላ በግዴታ እንድትመክን ሲያጸኑ፣ የጠቀሱት ብቸኛ ፍርድ የፓስተሩን ነበር። ክትባት የሚያስገድደው መርህ የማህፀን ቱቦ ለመቁረጥም ይበቃል አሉ። ስምንት ዳኞች ተስማሙ፤ አንድ ብቻ ተለየ። ስለዚህ መርፌውን ሳይሆን አዛዡን የሚፈራ ሰው ሲያጋጥመኝ አልስቅበትም። ይህን ሰው የሚያሳርፈው ግን ድንበሩን የሚያሰምርለት ፍርድ ነው፦ እስከ አምስት ዶላር ቅጣት ይቻላል፣ እስከ ቢላዋ አይቻልም የሚል። በ2022 ያን መስመር ለማስመር ዕድሉ ነበራቸው፤ ስለ መሥሪያ ቤት ሥልጣን ተነጋግረው ተነሱ።

ጥያቄው ተመልሶ መጥቷል፤ በዚህኛው ዙር ክንዱ የልጅ ነው። የኒውዮርክ ግዛት ኩፍኝ ከተዛመተ በኋላ፣ በ2019፣ ተማሪዎችን በሃይማኖት ምክንያት ከክትባት ነፃ ማድረግን ሰረዘ። የአሚሽ ወላጆችና ትምህርት ቤቶች ከሰሱ። በዲሴምበር 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በዚያው ዓመት ስለ ወላጆች የሃይማኖት መብት በሰጠው ሌላ ፍርድ መሠረት እንደገና ታይቶ ይወሰን ብሎ ጉዳዩን ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት መለሰው። አሁንም ራሳቸው አልመለሱም።