አንድ ፍቺ ያለው ቃል

በልጅነቴ ቅኔ ስቆጥር አንዱ ቃል ሰምም ወርቅም ሆኖ ሲገኝ መምህሬ «ይበል!» እያሉ ያበረታቱኝ ነበርና፣ በኋላ ወታደር ሆኜ ለምልምሎች የጦር ቃላትን ማስተማር በተሰጠኝ ጊዜ፣ ያ የተመሰገንሁበት ልማድ ከትእዛዝ ጽሕፈት ጋር ከቶ የማይስማማ መሆኑን የተረዳሁት በራሴ ስሕተት ነው። በአንድ ልምምድ ላይ ኮረብታ ይዞ ለነበረ ጓድ «ተመለሱ» ብዬ የላክሁት መልእክት፣ በእኔ ልብ ከኮረብታው ሥር ወዳለው ምሽግ አፈግፍጉ ማለት ሲሆን፣ እነርሱ ግን ሰፈር ድረስ መጥተው ትጥቃቸውን ፈትተው ተቀመጡ። እውነተኛ ጦርነት ቢሆን ኖሮ ያ አንድ ቃል የስንት እናት ልጅ ባስፈጀ ነበር።

አባቶቻችን ማዕርጉን ራሱን የቦታ ምልክት አድርገውት ነበር። ደጃዝማች የደጅ አዝማች፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች የሁለቱ ክንፍ አለቆች፣ ፊታውራሪም ከሁሉ ቀድሞ በፊት የሚወር ነውና፣ ስሙን የሰማ ሁሉ ሰውዬውን የት እንደሚያገኘው ያውቅ ነበር፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ የወደቁት ፊታውራሪ ገበየሁም ማዕርጋቸው ባመለከተው ስፍራ ነው የተገኙት። በኋላ ቤልጅጎች ክቡር ዘበኛን፣ ስዊድኖች በ1927 ዓ.ም. የሆለታን ጦር ትምህርት ቤት፣ ከነጻነትም ወዲህ እንግሊዞች ሠራዊቱን ሲያሠለጥኑ ኮሎኔልና ብርጌድ ገቡ። አልጠላቸውም፤ ነገር ግን ባለማዕርጉ የቆመበትን ቦታ የሚናገሩ ስሞች አይደሉም። ደጀን የሚለው ቃል ግን፣ ያች በዓባይ አፋፍ ያለችው ከተማ ስሟን የምትጋራው፣ ለገበሬ ልጅ ትርጓሜ አያስፈልገውም።

ከሁሉ ይልቅ የደከምሁበት ማፈግፈግንና ሽሽትን መለየት ነው። በ1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የመራው ጦር፣ በመጽሐፈ መሳፍንት ሦስት መቶ ሰው ይዞ ምድያምን ድል በነሣው በጌዴዎን ስም የተጠራው፣ ከአርበኞች ጋር ሆኖ ቡሬን ባስጨነቀ ጊዜ፣ የኢጣልያ ጦር ምሽጉን ለቆ በደምበጫ መንገድ ወጣ። ቁጥሩ እጅግ የበዛ፣ ሥርዓቱም ያልፈረሰ ነበርና፣ በመንገዱ ላይ ያገኘው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ በጥቂት ሰው እየተዋጋ ብርቱ ጕዳት ደረሰበት። ለምልምሎቼ ይህን የምነግራቸው፣ ቦታ የለቀቀ ሁሉ ተሸነፈ የሚል ሰው በዚያ መንገድ ላይ ምን እንደሚጠብቀው እንዲያስቡ ነው።

አንድ የዱርቤቴ ልጅ ይህን ሰምቶ እጁን አነሣና «ጌታዬ፣ በቆሎ ስንጠብቅ እንደምናደርገው ነው?» አለኝ። አሳየን አልሁት። ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱን በልቡ ወዳየው ከርከሮ አድርጎ፣ ዓይኑን ሳያነሣ በአቧራው ላይ አንድ እግሩን ወደ ኋላ፣ ቀጥሎም ሌላውን፣ እየዳበሰ ሄደ፤ በአራተኛው እርምጃ ተረከዙ የማማውን መሰላል ያገኘ ያህል ቆመና፣ ዱላውን እንደ ጨበጠ «እዚህ ላይ አባቴ አለ» አለ።